አዲሱ የ«ጎ» ሰብሳቢ በየትኛው ማሽን ላይ ነው የፈጠነው?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2026 የ«ጎ» የፕሮግራም ቋንቋ 1.26 እትም ሲወጣ፣ ተጠቃሚዎቹ ሳይጠየቁ አንድ ትልቅ ነገር ተቀየረላቸው። ከዚያ ወዲህ በአዲሱ ኮምፓይለር የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ «ግሪን ቲ» የተባለውን አዲስ ጋርቤጅ ኮሌክተር (ፕሮግራሙ የማያስፈልገውን ሜሞሪ የሚያጸዳ ሰብሳቢ) ይዞ ነው የሚነሣው። ይኸው ሰብሳቢ ኦገስት 2025 ላይ በወጣው በ1.25 እትም ውስጥም ነበረ፤ የሚሠራው ግን አውቆ ለከፈተው ሰው ብቻ ነበር። የእትሙ መግለጫ ሰብሳቢውን አብዝተው የሚያሠሩ ፕሮግራሞች የጽዳት ወጪያቸው ከ10 እስከ 40 በመቶ እንደሚቀንስ ይገምታል። እንዲህ ያለ ቁጥር ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር «ጎ በ40 በመቶ ፈጠነ» መባሉ አይቀርም።

እንዲያ ግን አልተባለም። የሚቀንሰው የጽዳቱ ወጪ እንጂ የፕሮግራሙ ወጪ አይደለም። አንድ ፕሮግራም ከፕሮሰሰር ጊዜው 10 በመቶውን ለጽዳት የሚያውል ከሆነ፣ የጽዳቱ ወጪ በ10 በመቶ ሲወርድ አጠቃላይ ትርፉ 1 በመቶ ነው፤ በ40 በመቶ ሲወርድ ደግሞ 4 በመቶ። ቋንቋውን የሚሠሩት የጉግል መሐንዲሶች ራሳቸው ይህንኑ ስሌት አስቀምጠዋል፤ አብዛኛው ሥራ የሚያገኘው ትርፍ ከታችኛው ጫፍ፣ ከ10 በመቶው አጠገብ እንደሆነም አልደበቁም። እኔን የሚያሳስበኝ ከስሌቱ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ይህ ቁጥር የተገኘው በየትኛው ማሽን ላይ ነው? የጋርቤጅ ኮሌክተር ለውጥ ከሌላው የሶፍትዌር ለውጥ ይልቅ ከብረቱ ጋር የተቆራኘ ነው። በኢንቴል ሰርቨር ላይ የታየው ትርፍ ከኢንቴል የተለየ የፕሮሰሰር አሠራር ባለው በአርም ሰርቨር ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚያው በኢንቴል ቤት እንኳ ሰርቨሩና ላፕቶፑ አንድ አይደሉም።

ነገሩን ለማያዘወትር አንባቢ ባጭሩ ላስቀምጠው። ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ ሜሞሪ ይወስዳል፤ ተጠቅሞ የጨረሰውን የሚመልስለት ያስፈልጋል። በሲ ቋንቋ ይህን የሚያደርገው ፕሮግራመሩ ራሱ ነው። በጃቫ፣ በጎ ወይም በጃቫስክሪፕት ግን የማያስፈልገውን ሜሞሪ ለይቶ የሚያስለቅቅ ክፍል ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይሠራል። ሐሳቡ ጆን ማካርቲ ሊስፕን ካስተዋወቀበት ከ1960ው ጽሑፍ ጀምሮ የታወቀ ነው። የጎ ሰብሳቢ ከታወቁ መነሻዎች ተነሥቶ፣ ጠቋሚን (የሌላ መረጃ አድራሻ የያዘ ቦታ) በጠቋሚ እየተከተለ የሚደርስበትን ኦብጀክት (አብሮ የተቀመጠ የመረጃ ጥቅል) ሁሉ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ ምልክት ያላገኘውን ይጠርጋል። ከወጪው 90 በመቶ ያህሉ የሚሄደው በመጥረጉ ሳይሆን ምልክት በማድረጉ ላይ ነው።

ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። አንድ ኦብጀክት ወደ ሌላ ይጠቁማል፤ ሌላው የተቀመጠበት ቦታ ግን ከመጀመሪያው ጋር ምንም ዝምድና ላይኖረው ይችላል። ፕሮሰሰር ቀጥሎ የሚፈለገውን ገምቶ አስቀድሞ ወደ ካሽ (ፕሮሰሰሩ አጠገብ ወዳለው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ማምጣት የሚችለው ጉዞው መልክ ሲኖረው ነው። መልክ ከሌለው ዋናው ሜሞሪ ድረስ ሄዶ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ ይህ ደግሞ ካሽ ውስጥ ካለው እስከ መቶ እጥፍ ሊዘገይ ይችላል። የጎ ቡድን እንደገለጸው፣ በአሮጌው ሰብሳቢ ኦብጀክቶቹን የሚፈትሸው ዙር ቢያንስ 35 በመቶ ጊዜውን የሚያጠፋው ሜሞሪ እስኪደርስ እጁን አጣጥፎ በመቆም ነበር። ኮልፌ አንድ ቤት አንብቦ ወደ ገርጂ፣ ከገርጂ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ተመልሶ ኮልፌ የመጀመሪያው ቤት ጎረቤት ጋ የሚሄድ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ማለት ነው።

ግሪን ቲ ያንን አንባቢ የአንድ ሰፈር ቤቶች እስኪጠራቀሙለት ጥቂት ያስጠብቀዋል። በጎ ውስጥ ትንንሽ ኦብጀክቶች የሚቀመጡት 8 ኪሎባይት ስፋት ባላቸው ገጾች ላይ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ያሉት ሁሉ መጠናቸው እኩል ነው። አሮጌው ሰብሳቢ በሥራ ዝርዝሩ ላይ የሚመዘግበው ኦብጀክቶችን ነበር። አዲሱ የሚመዘግበው ገጾችን ነው። ለእያንዳንዱ ኦብጀክት ሁለት ቢት ይይዛል፤ አንዱ «ታይቷል» የሚል፣ ሌላው «ተፈትሿል» የሚል። የገጹ ተራ እስኪደርስ ድረስ ወደዚያው ገጽ የሚጠቁሙ ሌሎች ጠቋሚዎች ይገኛሉ፤ ቢቶቹ ይጠራቀማሉ፤ ተራው ሲደርስ ገጹ በአንድ ጉዞ ይፈተሻል። ዝርዝሩ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት የሆነውም ለዚህ ነው፤ መዘግየቱ የሥራው አካል ነው። ስልቱ የሚመለከተው እስከ 512 ባይት ያሉትን ነው፤ ከዚያ የሚበልጡት በቀድሞው መንገድ ይሄዳሉ። ስሙን ያገኘው ኦስቲን ክሌመንትስ የተባለው መሐንዲስ በ2024 ጃፓን ውስጥ ካፌ ለካፌ እየዞረ፣ ማቻ እየጠጣ የመጀመሪያውን ናሙና ስለጻፈ ነው። ቡናን ጃቫ ቀድማ ስለወሰደችው ለጎ ከሻይ ሌላ አልተረፈም።

እዚህ ላይ ሁሉም ፕሮግራም እኩል እንደማይጠቀም ማስተዋል ይቻላል። ቲል38 የተባለው የመልክዓ ምድር ዳታቤዝ በቡድኑ መለኪያ የጽዳት ወጪው 35 በመቶ ቀንሷል። ቲል38 መረጃውን የሚይዘው እያንዳንዱ አንጓ ብዙ ቅርንጫፍ ባለው ዛፍ ነው፤ አንድ አንጓ ሲፈተሽ ብዙ ጠቋሚ በአንድ ጊዜ ይፈልቃል፤ ገጾቹም ቶሎ ይሞላሉ። ብሊቭ የተባለው የጽሑፍ ፍለጋ መሣሪያ ማውጫ ሲገነባ የሚፈጥረው ግን ቅርንጫፉ ጥቂት የሆነ፣ ዘወትር የሚለዋወጥ ዛፍ ነው። የብዙ ገጾች ተራ ሲደርስ የሚጠብቀው አንድ ኦብጀክት ብቻ ይሆናል። ቡድኑ እንደሚለው ከገጹ 2 በመቶው ብቻ እንኳ ቢጠራቀም ከአሮጌው መንገድ መሻል ይቻላል፤ አንድ ብቻ ሲሆን ግን ገጽ የማስተዳደሩ ትርፍ ወጪ ያለ ምንም ጥቅም ይቀራል። ለዚህ ልዩ ሁኔታ የተለየ አቋራጭ ተጨምሮለታል፤ ቢሆንም የድካሙ ምንጭ አልጠፋም።

የአንድ ገጽ ካርታ በሁለት ሬጅስተር

እስካሁን ያነሣሁት በየትኛውም ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራውን ክፍል ነው። 1.26 ግን ሁለተኛ ነገር ጨምሯል። መግለጫው በአዳዲስ የኤኤምዲ64 (ኢንቴልና ኤኤምዲ የሚጋሩት የ64 ቢት አሠራር) ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም ከኢንቴል አይስ ሌክ ወይም ከኤኤምዲ ዜን 4 ወዲህ ባሉት ላይ፣ ተጨማሪ 10 በመቶ ያህል የጽዳት ወጪ ቅናሽ እንደሚጠበቅ ይናገራል። ምክንያቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ «አዲስ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚታየው እዚያ ነው።

8 ኪሎባይት 8,192 ባይት ነው። በ64 ቢት ማሽን አንድ ጠቋሚ 8 ባይት ስለሚይዝ፣ በአንድ ገጽ ላይ ጠቋሚ ሊቀመጥባቸው የሚችሉ 1,024 ቦታዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ቢት ቢመደብ የገጹ ካርታ 1,024 ቢት ይሆናል። ኤቪኤክስ-512 የተባለው የቬክተር፣ ማለትም ብዙ መረጃን በአንዴ የሚያሠራ የትእዛዝ ስብስብ ያለው ፕሮሰሰር 512 ቢት ስፋት ያላቸው ሬጅስተሮች (በእጁ ላይ ያለውን መረጃ የሚይዝባቸው ቦታዎች) አሉት፤ ስለዚህ የአንድ ገጽ ካርታ ሙሉ በሙሉ በሁለት ሬጅስተር ይያዛል። ሰብሳቢው አንድ በአንድ እየዞረ የሚጠይቀውን ጥያቄ በጥቂት ትእዛዞች ይጨርሰዋል።

አንድ እንቅፋት አለ። «ታይቷል» የሚለው ቢት ለአንድ ኦብጀክት አንድ ነው፤ የጠቋሚዎቹ ካርታ ግን ለእያንዳንዱ 8 ባይት አንድ ቢት ይዟል። ኦብጀክቱ 48 ባይት ከሆነ አንዱ ቢት ወደ ስድስት መዘርጋት አለበት። ይህን የሚሠራው ትእዛዝ «ጋሎዋ ፊልድ» ከሚባለው ቤተሰብ የተወሰደ ነው፤ ለምስጠራና ለስሕተት ማረሚያ ለሚያገለግል ሒሳብ የሚታወቅ፣ 8 በ8 የሆነ የቢት ማትሪክስ የሚያባዛ ትእዛዝ። ቆሻሻ ለመልቀም የምስጠራ መሣሪያ የተዋሰው ሰው አእምሮ ያስደንቀኛል።

ውጤቱ ግን ይህ ነው፤ ትርፉን የሚያገኘው ሁለቱም ነገሮች ያሉት ፕሮሰሰር ብቻ ነው። ከአይስ ሌክ በፊት የነበረው የኢንቴል ስካይሌክ ሰርቨር ኤቪኤክስ-512 ነበረው፤ የጋሎዋ ትእዛዞች ግን አልነበሩትም። በ2021 ጸደይ ሁለት የሰርቨር ፕሮሰሰሮች በተከታታይ ገበያ ላይ ወጡ፤ በማርች በዜን 3 ላይ የተሠራው የኤኤምዲ ሚላን፣ በኤፕሪል የኢንቴል አይስ ሌክ። የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ የቬክተሩን ትርፍ የሚያገኘው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው። ከሁሉ የሚገርመው የላፕቶፑ ጉዳይ ነው። ኢንቴል በ2021 መጨረሻ አልደር ሌክን፣ ማለትም 12ኛውን ትውልድ ሲያወጣ ከተራ ተጠቃሚዎች ፕሮሰሰር ላይ ኤቪኤክስ-512ን ዘጋው፤ ተከትለው የመጡት 13ኛውና 14ኛው ትውልድም አልከፈቱትም። ስለዚህ በ13ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ አዲሱን ሰብሳቢ የለካ ሰው፣ ከአይስ ሌክ በዕድሜ የሚያንስ ማሽን ይዞ የአይስ ሌክን ጥቅም አያይም። «አይስ ሌክና ከዚያ ወዲህ» የሚለውን ሐረግ የዓመተ ምህረት ጉዳይ አድርጎ ያነበበ ሰው ይሳሳታል። መልሱ ያለው ፕሮሰሰሩ ስለ ራሱ በሚሰጠው የችሎታ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ያንን ለማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ አርም ስንመጣ የቬክተሩ ነገር ይበልጥ ይወሳሰባል። ኒዮን የሚባለው የአርም የቬክተር ስብስብ ስፋቱ 128 ቢት ነው። ኤስቪኢ የሚባለው አዲሱ ስብስብ ደግሞ ስፋቱን ለቺፕ ሠሪው የተወ ነው፤ የአማዞኑ የሰርቨር ቺፕ ግራቪተን3 256 ቢት ሲሆን ተተኪው ግራቪተን4 128 ቢት ነው። የ1.26 መግለጫ የቬክተር ትርፍ የሚያነሣው ለኤኤምዲ64 ብቻ ነው። እንግዲህ በዜን 4 ላይ የተለካ ቁጥር ሁለት ለውጦች የተደመሩበት ነው፤ አንዱ የሜሞሪ ጉዞው መቃናት፣ ሌላው የቬክተሩ ፍጥነት። ያንን ድምር ይዞ ስለ አርም ሰርቨር መናገር አይቻልም። በአርም ላይ የሚቀረው የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ቢሆን በሌላ ካሽ፣ በሌላ የሜሞሪ መስመር ላይ የሚሠራ ነው።

አርም የሚያስከፍለው ሌላ ሒሳብ

ከስፋት ሌላ የቅደም ተከተል ጉዳይ አለ። የኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ቤተሰብ) ፕሮሰሰሮች አንድ ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል) የጻፋቸውን ነገሮች ሌሎቹ ኮሮች በተጻፉበት ቅደም ተከተል እንዲያዩ ያደርጋሉ። አርም ይህን ዋስትና አይሰጥም፤ ፕሮግራሙ ቅደም ተከተሉን ከፈለገ በግልጽ መጠየቅ አለበት። ለጋርቤጅ ኮሌክተር ይህ ተራ ነገር አይደለም። አዲስ ኦብጀክት ሲፈጠር ይዘቱ ከመስተካከሉ በፊት ጠቋሚው ለሌላ ኮር ቢታይ፣ በዚያው ቅጽበት ሜሞሪውን የሚፈትሸው ሰብሳቢ ያልተስተካከለ ነገር ያነብባል።

በጎ ራንታይም (ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ጋር አብሮ በሚሠራው የቋንቋው ክፍል) ውስጥ ሜሞሪ የሚያድለው ፈንክሽን ለዚህ የሚጠራው አጥር አለ። በኤኤምዲ64 ላይ ያ አጥር ባዶ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ሥርዓቱን ስለሚጠብቅ የሚሠራው ነገር የለም። በአርም64 ላይ ግን እውነተኛ ትእዛዝ ነው፤ ከእሱ በፊት የተጻፈው ከእሱ በኋላ ከሚጻፈው ቀድሞ እንዲታይ ያስገድዳል። ይህ ወጪ የሰብሳቢው መኖር ያመጣው ነው፤ በመለኪያ ሰሌዳው ላይ የሚመዘገበው ግን በጽዳት ስም ሳይሆን በሜሞሪ ማደል ስም ነው። «የጽዳት ጊዜ» የሚለውን አምድ ብቻ ከሁለቱ ማሽኖች ወስዶ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የአርምን ሒሳብ ግማሹን አላየም።

ተመሳሳይ ነገር በአንድሮይድ ዓለም በግልጽ ታይቷል። ጉግል በአንድሮይድ 13 ላይ አዲስ ሰብሳቢ ሲያስገባ፣ ፕሮግራሙ ኦብጀክት ባነበበ ቁጥር ይከፍለው የነበረው ፍተሻ ተነሣ፤ በዚህም የተተረጐመው ኮድ መጠን እስከ 10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተገለጸ። የሰብሳቢው ዋጋ በራሱ በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ተበትኖ ነበር ማለት ነው፤ የጽዳት ጊዜን ብቻ የሚቆጥር መለኪያ ያንን ከቶ ሊያየው አይችልም።

ብዙ የጽዳት ሠራተኞች አንድን ባይት ሊቀይሩ የሚሽቀዳደሙበት ጊዜም አለ። የምልክት ቢት የሚቀየረው መሃሉ ላይ ሌላ ሊገባበት በማይችል አንድ እርምጃ ነው። በመጀመሪያው የአርም 64 ቢት ሥሪት ይህ የሚሠራው አንብቦ፣ ቀይሮ፣ ልጻፍ ብሎ፣ ሌላ ከቀደመው ደግሞ ከመጀመሪያው በመጀመር ነበር። ከ8.1 ሥሪት ጀምሮ በአንድ ትእዛዝ የሚፈጸም ሆኗል። የአማዞን የመጀመሪያው ግራቪተን በኮርቴክስ ኤ72 ላይ የተሠራ ስለነበር አዲሶቹ ትእዛዞች አልነበሩትም፤ ግራቪተን2 አሉት። ራስበሪ ፓይ 4ም ያንኑ ኤ72 የያዘ ነው፤ ራስበሪ ፓይ 5 ደግሞ አዲሶቹን አግኝቷል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ፓይ 4 ላይ የአርምን ጠባይ ለማወቅ የሚሞክር ሰው ብዙ ነው። የሚያውቀው የፓይ 4ን ጠባይ ነው።

ማክቡክም ከዚህ አይለይም። የአፕል ኤም ቺፖች በስም አርም64 ናቸው፤ ነገር ግን የካሽ መስመራቸው 128 ባይት ሲሆን በኤክስ86 ዘንድ የተለመደው 64 ነው። የጎ ራንታይም ራሱ በዚህ ምክንያት በአርም64 ላይ ሁለት ኮሮች በአንድ የካሽ መስመር እንዳይጋፉ የሚተወውን ክፍተት 128 ባይት አድርጎታል፤ ለአይቢኤም ዜድ ማሽኖች 256 ነው። የስርዓተ ክወናው የሜሞሪ ገጽ በማክ 16 ኪሎባይት ሲሆን በአርም ሊኑክስ እንደ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) አሠራር 4 ወይም 64 ኪሎባይትም ሊሆን ይችላል። ከዚህ በላይ በአንዱ ቺፕ ላይ ፈጣንና ቆጣቢ ኮሮች አብረው ስላሉ የጽዳት ሠራተኛው በየትኛው ላይ እንደወደቀ ውጤቱን ይለውጠዋል። ብዙ ፕሮግራመር ኮዱን ማክ ላይ ጽፎ ክላውድ ላይ ያሠራል። ሁለቱም «አርም» መባላቸው ብቻ አንዱ ለሌላው ምስክር እንዲሆን አያበቃውም።

ሲለካ የሚጠፋው

መሣሪያዎቹ ሁሉ ደህና ቢሆኑም ሰው ሳያስበው የሚያነጻጽረው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። በጣም ተራ የሆነው ስሕተት ጎ 1.24ን ከ1.26 ጋር አወዳድሮ ልዩነቱን ለሰብሳቢው መስጠት ነው። በሁለቱ መካከል የተቀየረው ሰብሳቢው ብቻ አይደለም። በ1.25 ላይ የጎ ራንታይም በሊኑክስ ኮንቴይነር (ፕሮግራም ተለይቶና ገደብ ተደርጎበት በሚሠራበት ክፍል) ውስጥ ሲሆን የተፈቀደለትን የፕሮሰሰር ገደብ አይቶ ስንት ኮር እንደሚጠቀም መወሰን ጀምሯል። ከዚያ በፊት 64 ኮር ባለው ማሽን ላይ 2 ኮር የተፈቀደለት ኮንቴይነር 64 እንዳለው ሆኖ ይነሣ ነበር። ጎ በጽዳት ወቅት ካለው ፕሮሰሰር አንድ አራተኛውን ለጽዳት የሚመድብ በመሆኑ፣ ይህ ለውጥ ብቻውን የጽዳቱን መልክ ይገለብጠዋል። ኮንቴይነሮችን በሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ላይ እትም ቀይሮ «ግሪን ቲ አስደናቂ ነው» ያለ ሰው ምናልባት ያመሰገነው ሌላውን ለውጥ ይሆናል። ትክክለኛው ንጽጽር በአንድ እትም፣ በአንድ ኮድ፣ ሰብሳቢውን ብቻ በግንባታ ጊዜ ከፍቶና ዘግቶ የሚደረገው ነው።

የክላውዱ ቪሲፒዩ (ለተከራዩ የሚቆጠርለት የፕሮሰሰር አሃድ) ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። በአማዞን የኢንቴል ማሽኖች ላይ አንድ ቪሲፒዩ በተለምዶ የአንድ ኮር ግማሽ ነው፤ ሁለት ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) አንዱን ኮር ይጋራሉ። በግራቪተን ላይ ግን አንድ ቪሲፒዩ ሙሉ ኮር ነው። በኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሚሠራው የአማዞን ኤም7ኤ ማሽንም እንዲሁ ነው። ይህ ለዋጋ ክርክር ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር አይደለም። አሮጌው ሰብሳቢ ሜሞሪ እየጠበቀ ሲቆም፣ ኮሩን የሚጋራው ሌላው ትሬድ በዚያች ክፍተት ሥራውን ይሠራ ነበር፤ የጠፋው ጊዜ በሙሉ የባከነ አልነበረም። ሙሉ ኮር በያዘ ማሽን ላይ ግን የጠበቀው ጊዜ ጠፍቶ የቀረ ነው። ስለዚህ የመጠበቂያ ጊዜን የሚቀንስ ለውጥ በሁለቱ ላይ እኩል «የጽዳት ሰከንድ» ቢቆጥብ እንኳ፣ ሰርቨሩ በሰከንድ የሚያስተናግደው ጥያቄ ላይ የሚታየው ጭማሪ ሊለያይ ይችላል። የሚያስተማምነው ንጽጽር በአንድ ማሽን ውስጥ አሮጌውና አዲሱ የተወዳደሩበት ነው። ከየማሽኑ የሚወጣውን ምጥጥን እንጂ ጥሬውን ሰከንድ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ትርጉም የለውም። የራንታይሙ ሰነድም ቢሆን የራሱ የጽዳት ሰከንድ ቆጣሪ ከፍ አድርጎ የሚገምት መሆኑንና ከስርዓተ ክወናው ቆጠራ ጋር በቀጥታ እንደማይነጻጸር ያስጠነቅቃል።

ሜሞሪን እኩል አለማድረግም አለ። ጎ በነባሪ አሠራሩ በሕይወት ያለው ሜሞሪ እጥፍ እስኪሆን ጠብቆ ነው ቀጣዩን ጽዳት የሚጀምረው። ሜሞሪ የሰጡት ሰብሳቢ ሁሉ ፈጣን ነው፤ እየጠበበ ሲሄድ ነው ጠባዩ የሚለየው። በአንድ የሜሞሪ መጠን ብቻ የተለካ ውጤት ከአንድ ነጥብ መስመር እንደመሳል ስለሆነ አላምነውም። በ2022 የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት አምስቱን የኦፕንጄዲኬ 17 (የጃቫ ሥሪት) ሰብሳቢዎች በተለያየ የሜሞሪ መጠን ፈትሾ፣ ምንም ወጪ ከሌለው ምናባዊ ሰብሳቢ ጋር ሲነጻጸሩ ከ7 እስከ 82 በመቶ ተጨማሪ የሰዓት ጊዜ፣ ከ6 እስከ 92 በመቶ ተጨማሪ የፕሮሰሰር ዑደት እንደሚያስከፍሉ አሳይቷል። የሁለቱ ጫፎች ርቀት ራሱ የሚናገረው አለ፤ ለአንድ ሰብሳቢ አንድ ዋጋ የሚባል ነገር የለም።

ስለ ጫጫታው ደግሞ አንድ አሮጌ ግን ያልተረሳ ግኝት አለ። በ2009 የታተመ ጥናት የአካባቢ ተለዋዋጮችን (ስርዓተ ክወናው ለፕሮግራሙ የሚያስተላልፋቸውን መቼቶች) መጠን በመቀየር ብቻ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ሳይነኩ፣ በአንድ የኮምፓይለር ማሻሻያ ላይ የሚደረስበትን ድምዳሜ መገልበጥ እንደሚቻል አሳይቷል። ምክንያቱ መረጃው በሜሞሪ ላይ የሚያርፍበት ቦታ መንሸራተቱ ነበር። ከ1 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ትርፍ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም። የጎ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቤንችስታት የተባለው መሣሪያ እያንዳንዱ መለኪያ ቢያንስ አሥር ጊዜ እንዲደገም ይመክራል፤ ልዩነቱ ከጫጫታው ካልለየ ደግሞ በቁጥሩ ቦታ የሞገድ ምልክት ያስቀምጣል። ያን ምልክት አይቶ «ለውጥ የለም» ብሎ ማለፍ ከባድ ፈተና ነው፤ ብዙ ሰው ቁጥር እስኪያገኝ ይደጋግማል። አሮጌውን አሥር ጊዜ ጨርሶ ወደ አዲሱ ከመሄድ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እያፈራረቁ መሄድ ይሻላል፤ የማሽኑ ሙቀትና የክላውድ ጎረቤቶች ጭነት በሁለቱም ላይ እኩል ይወርዳል።

የትኛውን ፕሮግራም መለካት እንደሚገባ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የራስን። የጋርቤጅ ኮሌክተር ውድድር ሲነሣ ዘወትር የሚቀርበው «ባይነሪ ትሪስ» የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ዛፍ ገንብቶ ወዲያው የሚጥል ነው። ኦብጀክቶቹ በተፈጠሩበት ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ገጽን እንደ አሃድ ለሚይዝ ሰብሳቢ የተመቻቸ ድግስ ነው። ወራት የሠራ፣ ካሹ የተበታተነ፣ ግማሹ ኦብጀክት አርጅቶ ግማሹ ትናንት የተወለደ ሰርቨር እንዲህ አይመስልም። የኮሮቹ ብዛትም ይወስናል፤ የጎ ቡድን ጽዳት በሚበዛባቸው ትንንሽ መለኪያዎች ላይ ያየው ቅናሽ እንደ ኮሩ ብዛት ከ10 እስከ 50 በመቶ ሲዋዥቅ ነበር። በስምንት ኮር ላይ የተለካ ሰብሳቢ በዘጠና ኮር ላይ የሚያሳየውን አይናገርም፤ በብዙ ኮር ላይ ዋናው ወጪ ሠራተኞቹ በጋራ ዝርዝር ላይ የሚያደርጉት ግፊያ ሊሆን ይችላል፤ ከኦብጀክት ይልቅ ገጽ መመዝገብ ያንን ዝርዝር ያሳጥረዋል።

ይህ ሁሉ አሁን የሚነሣው ጊዜ ስላለው ነው። በ1.26 ላይ አሮጌውን ሰብሳቢ በግንባታ ጊዜ መልሶ መክፈት ይቻላል፤ አማራጩ በ1.27 ላይ እንደሚነሣ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ በአንድ እትም ውስጥ ሁለቱን ማነጻጸር አይቻልም፤ የሚቀረው እትምን ከእትም ማወዳደር፣ ማለትም ከላይ የጠቀስኩት የተደበላለቀ ሚዛን ነው። ፕሮግራሙን በኢንቴልም በግራቪተንም ላይ የሚያሠራ ቡድን ሁለቱንም አሁን ቢለካ ይሻለዋል፤ የአንዱን ውጤት ለሌላው ማዋስ አይሆንም። የእትሙ መግለጫ በአፈጻጸም ወይም በጠባይ ምክንያት አዲሱን የዘጋ ሰው ጉዳዩን ለገንቢዎቹ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚጠቅመው የፕሮሰሰሩን ሞዴልና የችሎታ ዝርዝር፣ የኮሩን ብዛትና ኮሩ ሙሉ ወይም የተጋራ መሆኑን፣ የከርነሉን የገጽ መጠን፣ የሜሞሪ ገደቡን፣ እንዲሁም በሁለቱም ሰብሳቢ የተገኘውን ጥሬ ቁጥር ሲይዝ ነው። አማካዩን ብቻ የያዘ ሪፖርት ለሚያነበው መሐንዲስ ምንም አይነግረውም።